«ዋጋ በውስጥ መስመር» ከማለታችሁ በፊት

አምና ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለእናቴ ነጠላ ፍለጋ ቴሌግራም ውስጥ ገባሁ። እናቴ የምትወደው ፈትል ነው፤ ጥለቱ ቀጠን ያለ፣ ቀለሙ የማይጮህ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ቻናል አገኘሁ። ሦስቱም ቆንጆ ነጠላ አላቸው። ሁለቱ ፎቶው ሥር «አዲስ ገብቷል! ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለዋል። ለሁለቱም ጻፍኩላቸው። አንደኛው በማግስቱ «ሰላም ውድ ደንበኛችን፣ ምን እንርዳዎ?» አለኝ። ከሌላኛው መልስ አልመጣም።

ሦስተኛዋ ሻጭ ግን ሁሉንም ፎቶው ሥር ጽፋዋለች። ዋጋውን፣ ርዝመቱን፣ ፈትሉ የእጅ መሆኑን፣ ሱቋ ሽሮ ሜዳ የት ጋ እንደሆነ፣ በሞተር ስታስልክ ስንት እንደምታስከፍል። አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ከፈልኩ። ነጠላው በማግስቱ ቢሮዬ መጣ።

የሦስቱም ዕቃ በፎቶ ሲታይ ተቀራራቢ ነበር። አንዷን የለያት፣ ልጠይቃት የነበረውን ሁሉ ቀድማ መመለሷ ነው።

ስለ ኦንላይን ማርኬቲንግ ብዙ ይወራል። ቫይራል መውጣት፣ ተከታይ ማብዛት፣ ቡስት ማድረግ (ከፍሎ ፖስትን ማሳየት) ይባላል። እኔ ብዙ ትናንሽ ነጋዴዎች ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን በዚህ ሲጨርሱ ሳይ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ዋናው ሥራ ከዚያ በጣም ይቀላል። ገዢው በሆዱ የያዘውን ጥያቄ ቀድማችሁ በጽሑፍ መልሱለት። መልሱን ደግሞ እሱ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጡለት። ብሎግም (ጽሑፍ የምታወጡበት የራሳችሁ ድረ ገጽ) ሆነ ቴሌግራም፣ ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉ የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው። አንዱ የሚሠራውን ሌላው አይሠራም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላይ ብናየው ይቀላል። ስለዚህ ምሳሌዬን ከሽሮ ሜዳና ከሀበሻ ልብስ አላወጣም። እናንተ የምትሸጡት ጫማ፣ ማር ወይም የትርጉም አገልግሎት ሊሆን ይችላል። አካሄዱ ያው ነው።

ዋጋ ለምን ይደበቃል?

ነጋዴዎች ዋጋ የሚደብቁበት ምክንያት አላቸው። አንዱ ተፎካካሪ እንዳያይ ነው። ሌላው «ገዢው አንዴ ከጻፈልኝ አሳምነዋለሁ» የሚል ነው። ሁለቱም ይገቡኛል። ግን ተፎካካሪያችሁ ደንበኛ መስሎ ጽፎ በሁለት ደቂቃ ዋጋውን ማወቅ ይችላል። ዋጋው በትክክል የሚደበቀው ከገዢው ነው። ገዢው ደግሞ «ያልጻፉት ውድ ስለሆነ ነው፤ ወይ ሰው አይተው ነው የሚጠሩት» ብሎ ይጠረጥራል። ውጭ አገር ያለ ሰው ከሆነ ጥርጣሬው ይብሳል። «ዶላር እንዳለኝ ሲያውቁ ይጨምሩብኛል» ይላል።

በሱቅ እንኳ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ስልክ ላይ ያለ ሱቅም ሱቅ ነው።

«የእኔ ዕቃ ዋጋው እንደ ልኩና እንደ ጥልፉ ይለያያል» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። እንግዲያው መነሻውን ጻፉ፤ ምን ሲጨመር ስንት እንደሚጨምርም ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የሀበሻ ቀሚስ፣ ጨርቁ መነን፣ ጥልፉ የእጅ። ነጠላውን ጨምሮ 9,500 ብር። እጅጌው ላይም ጥልፍ ከፈለጉ 1,200 ብር ይጨምራል። ልክዎን ከሰጡን በኋላ በ12 ቀን ይደርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር እናደርሳለን፣ 250 ብር። ግማሹ ቀብድ፣ ግማሹ ሲረከቡ። ሱቃችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ እሁድ ዝግ ነን።»

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ነገር ግን ጽሑፉን ደግማችሁ እዩት። «ምርጥ»፣ «ልዩ»፣ «በማይታመን ዋጋ» የሚል ቃል የለበትም። አንድ የእሳት ምልክት የለበትም። እንዲያም ሆኖ ያነበበው ሰው መግዛት አለመግዛቱን እዚያው መወሰን ይችላል። ውስጥ መስመር የሚመጣላችሁ ሰው ከእንግዲህ «ስንት ነው?» የሚል አይሆንም። «ለጥር 20 ይደርስልኛል?» የሚል ነው። እሱ ገዢ ነው።

ቦታዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

ቴሌግራም ቻናል ላይ የምትለጥፉት ነገር ወደ ቻናሉ ለገባ ሰው ሁሉ በተራው ይደርሳል። መሐል ገብቶ «ይህን አሳያለሁ፣ ያንን አላሳይም» የሚል ስልተ ቀመር የለም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱም እዚያው ነው። በቀን 15 ፎቶ ከለጠፋችሁ 15ቱም ይደርሰዋል። ስልኩ ሲጮህበት ድምፁን ያጠፋዋል። ድምፁ የጠፋ ቻናል ደግሞ ቀስ እያለ ይረሳል። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል።

ሌላም አለ። ቴሌግራም አዲስ ሰው እምብዛም አያመጣላችሁም። እንደ እኔ ራሱ ፈልጎ ከሚመጣው በቀር፣ ሰው ሊንኩን ከሌላ ቦታ ማግኘት አለበት፤ ወይ ጓደኛው ፎርዋርድ ሊያደርግለት ይገባል። እንግዲህ ቴሌግራም የመጣውን ደንበኛ የምትይዙበት ቤት ነው። ከላይ የሚሰቀለው መልእክት ላይ፣ ማለትም ፒን የሚደረገው ላይ፣ አድራሻ፣ የክፍያ መንገድና የማድረሻ ዋጋ ይኑር። አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ቲክቶክ ተቃራኒው ነው። የማያውቃችሁን ሰው ያመጣል። ኩባንያው ራሱ በ2012 ሰኔ ላይ እንዳብራራው፣ አንድ ሰው ቪዲዮን እስከ መጨረሻው ማየቱ ትልቅ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። የተከታይ ብዛት ግን ቪዲዮው ለማን ይታይ የሚለውን በቀጥታ አይወስንም። ይህ ለትንሽ ነጋዴ መልካም ዜና ነው። 40 ተከታይ ያላት ሴት የሠራችው ቪዲዮ ብዙ ሺህ ሰው ጋ ሊደርስ ይችላል። ጥያቄው ሰው እስከ መጨረሻ የሚያየው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ሙዚቃ ከፍቶ ቀሚስ ለብሶ መዞር ሁሉም ይሠራዋል። ሸማኔው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር፣ ጥለቱ ክር በክር ሲወጣ የሚያሳይ 30 ሰከንድ ግን ዓይን ይይዛል። የእጅ ፈትልና የፋብሪካ ክር ጎን ለጎን ተይዘው፣ በጣት ተዳብሰው፣ ልዩነታቸው ሲነገርም እንዲሁ። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ገዢው አያውቀውም፤ ማወቅ ግን ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የፋብሪካውን በእጅ ፈትል ዋጋ እንዳይገዛ ይፈራል።

ፌስቡክ በጥር 2010 አሠራሩን ቀይሮ፣ ሰው ከነጋዴ ገጽ ይልቅ የጓደኛና የዘመድ ፖስት በብዛት እንዲያይ አደረገ። ከዚያ ወዲህ 20 ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ የለጠፈውን ጥቂት ሰው ብቻ ቢያየው አይግረማችሁ። ቢሆንም ፌስቡክን አልተወውም። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ወገኖቻችን እዚያ ናቸው። ለልጃቸው ሰርግ ገንዘብ የሚያወጡትም እነሱ ናቸው። እዚያ የሚሠራው ሰው ለዘመዱ የሚልከው ነገር ነው። «እስቲ ይቺን እይ» ብላ እናት ለልጇ የምትልከው ፖስት ከማስታወቂያ ይበልጣል።

ኢንስታግራም ላይ ብዙ አልልም። ፎቶው ጥሩ ከሆነ ያገለግላል፤ የሙሽራ ልብስ የምትሠሩ ከሆነ በተለይ።

አራቱንም ባንዴ አትጀምሩ። አንድ የሚያመጣ፣ አንድ የሚይዝ ይበቃል። ለብዙ ሰው ቲክቶክና ቴሌግራም ጥሩ ጥምር ናቸው።

የኪራይ ቤት ጉዳይ

አሁን ወደ ብሎግ እንምጣ። «በዚህ ዘመን ብሎግ ማን ያነባል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። እሱ ይሁን፣ ስድስት ሰዓት ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ግን እዚህ አገራችን ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። ወደ አምስት ወር ማለት ነው። ገደቡን የሚያሳልፈውን ቪፒኤን የጫነ ይገባ ነበር፤ ያልጫነው ቀረ። ፋሲካ በዚያ መሐል ነበር። የሀበሻ ልብስ ለሚሸጥ ሰው ፋሲካ ማለት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ማኅበራዊ ሚዲያ የኪራይ ቤት ነው። አከራዩ ደንቡን በፈለገ ጊዜ ይቀይራል። ገጻችሁ ሊዘጋ ይችላል፤ ሊሰረቅ ይችላል። ብሎግ በራሳችሁ ስም በተመዘገበ አድራሻ ላይ ሲሆን ግን የእናንተ ነው። መጀመር ከባድ አይደለም። ብሎገር የሚባለው የጎግል አገልግሎት ነጻ ነው። ወርድፕረስም ነጻ መጀመሪያ አለው። በኋላ ሥራው ሲያድግ የራሳችሁን ዶሜይን (በስማችሁ የተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ) ገዝታችሁ ታያይዙታላችሁ። ፎቶዎቹን ብቻ ከመጫናችሁ በፊት አሳንሷቸው። ስልክ ያነሳው ፎቶ 4 ሜጋባይት ከሆነ ወደ 200 ኪሎባይት ቢወርድ ለዓይን ልዩነቱ አይታወቅም። የአንባቢያችሁን ዳታ ግን አትበሉበትም።

ሁለተኛው የብሎግ ጥቅም ይበልጥብኛል። የዛሬ ቲክቶክ ከሳምንት በኋላ ተረስቷል። የቴሌግራም ፖስት በአዲሱ ተቀብሯል። ጥያቄ የሚመልስ ጽሑፍ ግን ጎግል ላይ ለዓመታት ይገኛል። ተኝታችሁም ይሠራል።

ምን ልጻፍ?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የለም። መልሱ ስልካችሁ ውስጥ አለ። አንድ ደብተር ያዙና ለሁለት ሳምንት ደንበኛ የጠየቃችሁን ሁሉ በራሱ ቃል ጻፉት። ሀበሻ ልብስ ሻጭ ከሆናችሁ ደብተሩ ላይ የሚገኘው እንዲህ ያለ ነው። «ሲታጠብ ይለቃል?» «ወደ ዲሲ ትልካላችሁ?» «ለስድስት ሚዜ ብወስድ ትቀንሳላችሁ?» «መነንና ሳባ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» «እዚያ ሳልመጣ ልኬን እንዴት ልስጥ?»

ሦስት ሰው የጠየቀው ጥያቄ ጽሑፍ ይገባዋል። የጽሑፉ ርዕስ ራሱ ጥያቄው ይሁን።

የመጨረሻውን፣ የልኩን ጉዳይ በደንብ እንየው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ሙሽራ ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ልታሰፋ ፈለገች እንበል። ልኳን ለክታ በመልእክት ትልካለች። «ደረት 36፣ ክንድ 22» ትላለች። እሷ ያለችበት አገር የሚለካው በኢንች ነው። እዚህ ሰፊው ሜትሩን በሴንቲ ሜትር ያነባል። ደረት 36 ሴንቲ ሜትር የሕፃን ስለሆነ ሰፊው ይጠራጠራል፤ ይጠይቃል። አደጋው ያለው ክንዱ ላይ ነው። 22 ኢንች 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ረጅም እጅጌ ማለት ነው። 22 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ደህና አጭር እጅጌ ነው። ሰፊው ምንም ሳይጠራጠር አጭር እጅጌ ሰፍቶ ይልካል። ሰርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሻንጣው ይከፈታል።

እንግዲህ «ለሀበሻ ቀሚስ ልክ እቤት ሆነው እንዴት ይወስዳሉ?» የሚል አንድ ጽሑፍ ጻፉ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ቁመት። ለእያንዳንዱ ሜትሩ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያሳይ ፎቶ አድርጉ። ቁመት የሚለካው በዕለቱ የሚደረገው ጫማ ተደርጎ መሆኑን ተናገሩ። ከቁጥሩ አጠገብ «ኢንች» ወይም «ሴንቲ ሜትር» ብለው እንዲጽፉ በጉልህ አስታውቁ። ጽሑፉ ግማሽ ቀን ቢፈጅባችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ለጠየቃችሁ ሁሉ ሊንኩ ይላክለታል። ማታ ማታ ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ማስረዳት ይቀራል። ያነበበችው ሙሽራ ደግሞ «እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ» ትላለች። ምንም ማስታወቂያ ያንን አያስብልላችሁም።

ከዚያው ጽሑፍ ሌላውም ይወጣል። እያንዳንዱ ልክ አንድ አጭር ቲክቶክ ይሆናል። የኢንችና የሴንቲ ሜትሩ ነገር ብቻውን አንድ የቴሌግራም ፖስት ነው። አንድ ጊዜ አስባችሁ አምስት ጊዜ ትጠቀሙበታላችሁ።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። አማርኛችን አንድ ድምፅ በተለያየ ፊደል ይጽፋል። አንዱ «ሀበሻ» ሌላው «ሐበሻ» ብሎ ይፈልጋል። «ሰርግ» እና «ሠርግ»ም እንዲሁ። የመፈለጊያ ማሽኑ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሁልጊዜ አይረዳም። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ርዕሱ ላይ አንዱን፣ ጽሑፉ ውስጥ ሌላውን ተጠቀሙ። በላቲን የሚጻፈውንም አንድ ቦታ አስገቡት። ሊቃውንቱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት አጻጻፍ ሲያዩ ቅር ሊላቸው ይችላል። ደንበኛው ግን እንዲያገኛችሁ ያስፈልጋል።

ሱቅ ካላችሁ ጎግል ማፕ ላይ አስመዝግቡት። ክፍያ የለውም። አድራሻችን «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት» በሚባልበት ከተማ ካርታው ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ብዙ ስልክ ታስቀራለች።

ጊዜውን ማወቅ

ጎግል አዲስ ጽሑፍን ወዲያው ከላይ አያወጣውም። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከወቅቱ ቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል። የጥር ሙሽሮች ልብስ መጠየቅ የሚጀምሩት በኅዳር ነው። የሰርጉ ጽሑፍ በጥቅምት መውጣት አለበት። የፋሲካው በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ የእንቁጣጣሹ በሐምሌ።

የቀኑ ሰዓትም ይታሰብ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ቀን 6 ወይም 7 ሰዓት ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ስልካቸውን የሚያዩበት ጊዜ። ዱባይ ደግሞ ከምሽቱ 3 ይላል፤ ሰው ከሥራ ገብቷል። አንድ ፖስት በዚያ ሰዓት ከወጣ ሁሉንም ያገኛል። ቀጠሮ ስትይዙ ግን «3 ሰዓት» ብቻ አትበሉ። የማን 3 ሰዓት እንደሆነ ጻፉ።

ገንዘብ ስታወጡ

ቡስት ማድረግ ማለት ፌስቡክ ወይም ኢንስታግራም ፖስታችሁን ለመረጣችሁት አገርና ዕድሜ እንዲያሳይ መክፈል ነው። መጥፎ ነገር አይደለም። ግን ዋጋና አድራሻ የሌለው ፖስት ላይ የሚፈስ ገንዘብ በቀዳዳ ቅል የሚቀዳ ውሃ ነው። መጀመሪያ ያለ ክፍያ ብዙ ጥያቄ ያመጣውን ፖስት ፈልጉ። የምትከፍሉትም ለእሱ ይሁን።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ብዙ ሰው በሌላ ሰው ካርድ ነው የሚያስከፍለው። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ለዚያ ሰው የይለፍ ቃላችሁን አትስጡት። የፌስቡክ ገጽ ለሌላ ሰው የማስታወቂያ ሥራ ብቻ የሚፈቅድ መብት መስጠት ያስችላል። ሥራው ሲያልቅ መብቱን ታነሱታላችሁ። የይለፍ ቃላቸውን ሰጥተው ገጻቸውን የተነጠቁ ነጋዴዎች አጋጥመውኛል፤ ለዓመታት የሰበሰቡት ደንበኛ ነው የሄደው። «ገጽዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊዘጋ ነው፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል መልእክት ሲመጣም አትጫኑ። ሌባ ነው። ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ዛሬውኑ አብሩት።

ተከታይ መግዛት ደግሞ ፈጽሞ አያስፈልግም። የተገዙት 10 ሺህ ሰዎች ቀሚስ አይገዙም። ፖስታችሁ ለእነሱ ሲታይ ዝም ይላሉ። ሲስተሙ ዝምታውን አይቶ «ይህን ሰው አይፈልገውም» ብሎ ለእውነተኛው ደንበኛም ማሳየቱን ይቀንሳል። ከፍላችሁ ራሳችሁን ትደብቃላችሁ።

መተማመን

ቴሌብር በግንቦት 2013 ከጀመረ ወዲህ ርቆ መግዛት በጣም ቀሏል። ያልቀለለው መተማመን ነው። ገዢ ከፍሎ እንዳይቀር ይፈራል። ሻጭም ይፈራል፤ ተቀናብሮ የተሠራ የክፍያ ስክሪንሾት ልኮ ዕቃ ይዞ የሚጠፋ ሰው አለ። ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ብሩ የራሳችሁ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን ሳታዩ ሞተረኛውን አታስነሱ። ይህንንም በትሕትና ፒን ላይ ጻፉት፤ እውነተኛ ደንበኛ አይከፋውም።

ገዢው እንዲያምናችሁ ደግሞ ፊታችሁን አሳዩ። ሱቁን፣ ሰፊውን፣ ዕቃውን ስትጠቀልሉና ስታስሩ አሳዩት። የደንበኛ ፎቶ የምትለጥፉት አስፈቅዳችሁ ይሁን፤ የሰርግ ፎቶ የሰው ገመና ነው። ከሌላ ቻናል የተሰረቀ ፎቶ አትጠቀሙ። ሰው ያውቀዋል፤ ደግሞም ያንን ቀሚስ እንደ ፎቶው መሥራት ግድ ይሆንባችኋል።

አንድ ቀን ኮመንት ላይ «ቀለሙ ለቀቀብኝ» የሚል ሰው ይመጣል። እጃችሁ ለማጥፋት ይሄዳል። አታጥፉት። «እናዝናለን። ጥለቱ የትኛው ነበር? ይመልሱልን፣ እንቀይራለን» ብላችሁ እዚያው በግልጽ መልሱ፤ ቀይሩላትም። ያንን ኮመንት ከሷ ይልቅ ዝም ብለው የሚያነቡት ሌሎች ሰዎች ናቸው የሚያስታውሱት። ከዚያ ደብተሩን አውጡና «ፈትል እንዴት ይታጠባል?» የሚለውን ጽሑፍ ጻፉ። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ጥላ ውስጥ ተሰጥቶ፣ በግልባጩ ተተኩሶ።

የት አዩን?

ሥራው እየሠራ መሆኑን በላይክ አትለኩት። ለገዛ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የት አዩን?» መልሱን ደብተሩ ላይ መዝግቡ። ከሦስት ወር በኋላ ቁጠሩት። ከ50 ገዢ 30ው «ጎግል ላይ ስለ ልክ ያነበብኩት ጽሑፍ» ካለ ሁለተኛ ጽሑፍ ጻፉ። ከኢንስታግራም የመጣ አንድም ሰው ከሌለ ኢንስታግራሙን ተዉት፤ ጊዜያችሁን ለሚሠራው ስጡት።

ነጠላውን የሸጠችልኝ ሴትዮ ይህንኑ ጠይቃኛለች። ሞተረኛው ካስረከበኝ በኋላ «ደረሰዎት? የት ነበር ያገኙን?» ብላ ጻፈችልኝ። ነገርኳት። ከሦስት ቀን በኋላ ቻናሏ ላይ ፈትል ነጠላ እንዴት እንደሚታጠብ አንድ አጭር ጽሑፍ ወጣ። ዱባይ ላለችው እህቴ ፎርዋርድ አደረግኩላት። እህቴ አንብባ ስትጨርስ ስለ አጣጠቡ አንድም ቃል አላለችም። «ለእኔም አንድ እንደ እማዬ ያለ እዘዝልኝ፤ ዋጋውን አይቼዋለሁ» አለችኝ።